ትርሓስና የሚያሞቋት ሰዎች

በዚህ ከተማ ሰው የማይፈራው ነገር ሞልቷል። አፉን ከፍቶ የተቀመጠውን የመንገድ ጉድጓድ ዘሎት ያልፋል፤ ፍሬኑ የሚያፏጭ ሚኒባስ ላይ አማትቦ ይሳፈራል። ጣት የምታህል የመስኮት ክፍተት ካየ ግን ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ትርሓስ አትላስ ካለው የመዋኛ ገንዳ ወጥታ መገናኛ ላይ የጎሮ ታክሲ ያዘች። ታክሲው ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተነባብሯል፤ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ይምገዋል፤ መስታወቱ ከውስጥ አልቦታል። መስኮቱን ትንሽ ገፋ አደረገችው።

«እህት፣ ዝጊው» አላት ከፊቷ የተቀመጠው ጎልማሳ፣ ዞር ሳይል።

«አየር የለም እኮ።»

«ብርድ አለ።»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ፀጉርሽም እርጥብ ነው። በእርጥብ ፀጉር ነፋስ መመታት ማለት እኮ ማጅራት ገትርን ና ግባ ማለት ነው።»

«እናቴ፣ ማጅራት ገትር በመስኮት አይገባም። የሚተላለፈው እንዲህ ተዘጋግተን ስንተነፋፈስ ነው።»

«ሐኪም ነሽ?»

«ባኞ ነው የምሸጠው።»

ታክሲው ሳቀ። ረዳቱ በትከሻዋ ላይ እጁን አሳልፎ መስኮቱን ጥርቅም አደረገና «ባኞ የሚሸጥ ሰው ሙቅ ውሃ ነው መውደድ ያለበት፣ ማዘር» አላት። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ላይ እፎይ አለ። እፎይ ያለበት አየር ከጎረቤቱ ሳንባ የወጣ መሆኑ ማንንም አላስጨነቀም።

ትርሓስ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የባኞ ቤት ዕቃ መሸጫ አላት። የእጅ መታጠቢያ ትሸጣለች፣ ሴራሚክ ትሸጣለች፣ የሻወር ራስ ትሸጣለች፤ ማንም የማይተኛበትን ባኞም ትሸጣለች። ባኞ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ለእንግዳ ሊያሳየው ነው፤ ወር ሳይሞላው ልብስ መዘፍዘፊያ፣ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ውሃ ማጠራቀሚያ ያደርገዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሴራሚክ ካርቶን ስታነሳ ወገቧ ቀጭ አለ። ሐኪሙ መድኃኒቱ መዋኘት ነው አላት። በዚያ ዕድሜዋ ከሕፃናት ጋር ተሰልፋ፣ የሆቴል ገንዳ ጠርዝ ይዛ፣ እግሯን እያንፈራገጠች ጀመረች። ወገቧ ተሻላት። እሷ ግን አላቆመችም።

ለምን አላቆምሽም ብሎ የሚጠይቃት ሰው ቁጣ ነው የሚያተርፈው። ነገሩ ግን የተሰወረ አይደለም። የትርሓስ ሕይወት ጅምር የበዛበት ሕይወት ነው። ትምህርቷን ጀምራ ለሱቅ ስትል ተወችው። ሁለተኛ ሱቅ ጀምራ ዘጋችው። ጎሮ ያለው ቤታቸው ፎቅ ሊወጣለት ታስቦ ፌሮው ሰማይ ላይ እንደቆመ ዝጓል፤ አጠገቡ ያለውም እንዲሁ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ፌሮ ያበቀለ ማሳ ይመስላል። ውሃ ውስጥ ግን ከዚህ ዳር የተነሳች ሴት ያኛውን ዳር ትነካለች። «ቆዪ አንዴ» ብሎ የሚጠራት የለም። አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር እንኳ፣ ጀምራ መጨረስ ፈለገች። የመረጠችውም ወንጪን ነው፤ ወንጪ ሐይቅን ከዳር እስከ ዳር በዋና ማቋረጥ።

ይህን ሐሳብ ያመጣው በገንዳው የሚያሰለጥናት ጸጋአብ የሚባል ወጣት ነበር። ከጥምቀት በኋላ ጥቂት ዋናተኞች ይዞ ሊሄድ ተነሳ። ጸጋአብ አንድ ደንብ አለው፦ በየብስ ላይ ትርሓስን «እርስዎ» ይላታል፣ ውሃ ውስጥ ከገባች «አንቺ» ናት። ውሃ ውስጥ ለጨዋነት የሚሆን ትንፋሽ የለም ይላል።

«ርቀቱን ይችሉታል» አላት የገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ። «የሚያስፈራኝ ብርዱ ነው። ይህ ገንዳ እኮ የሞቀ ነው። ወንጪ ተራራ ላይ ነው ያለው፤ ማለዳ ሲገቡበት ትንፋሽዎን ነው የሚነጥቅዎት። ሰውነት ብርድን ቀስ በቀስ ነው የሚለምደው፣ በየቀኑ፣ ሳይዘልሉ። ታኅሣሥ ላይ ወስጄ እፈትንዎታለሁ። ካልለመዱ አላስገባዎትም።»

«እለምዳለሁ።»

«የውሃ ቴርሞሜትርም ይግዙ።»

«ውሃ መቀዝቀዙን ለማወቅ መሣሪያ ምን ያደርግልኛል? ቆዳ የለኝም?»

ሳቀና ተዋት። መተው አልነበረበትም፤ እሷም እንዲህ ማለት አልነበረባትም።

«ሌላው» አለ ጸጋአብ፣ «በጀልባ አጠገብዎ የሚሄድ አንድ ሰው ያምጡ። በደንብ የሚያውቅዎት ሰው ይሁን። ብርድ መጀመሪያ የሚሰርቀው ጭንቅላትን ነው፤ ዋናተኛው ራሱ አያውቅም፣ ደህና ነኝ ይላል። እኔ ላላውቅ እችላለሁ። የሚያውቅዎት ሰው ግን መለወጥዎን ያያል። እሱ እጁን ካነሳ ያለ ክርክር ይወጣሉ።»

ትርሓስን በደንብ የሚያውቃት ሰው አንድ ነው፤ ባሏ ፍትዊ። ፍትዊ ቦሌ አየር ማረፊያ አካባቢ ትራንዚተር ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ያወጣል። መልካም ሰው ነው፣ እንኳን ሰው ዝንብ አያስቀይምም፤ ብርድን ግን እንደ ሰይጣን ነው የሚፈራው። አባቱ በሳንባ ምች ነው የሞቱት። ቤተሰቡ ግን ሳንባ ምች አይልም፣ «ብርድ ገደለው» ነው የሚለው። ሐኪም ቤት ዘግይተው መድረሳቸውን የሚያነሳ የለም። ብርድ ጠበቃ የለው፣ አይከራከር፤ ስንቱ ቸልተኝነት በእሱ ስም ተቀብሯል። እነሆ ፍትዊ በግንቦት ሹራብ ይለብሳል፣ ገላውን ታጥቦ በዚያ ቀን ከቤት አይወጣም።

ትርሓስ ጠርዙ ተሸርፎ አልሸጥ ያለ አንድ ባኞ ከሱቋ አስጭና ጓሮ አስቀመጠችው። ማታ ከሮቶው ውሃ ትሞላዋለች፣ ሌሊቱን የታኅሣሥ ሰማይ ሥር ያድራል፣ ጠዋት ትገባበታለች። ሐሳቡ ይኸው ነው። ከዚህ የቀለለ ሐሳብ የለም። ግን አገሩ ኢትዮጵያ ነው፣ ሰፈሩም ጎሮ ነው።

«ምን ልትዘፈዝፊበት ነው?» አላት ፍትዊ ባኞውን ዞሮ ዞሮ አይቶ።

«ራሴን።»

«ምን በድለሽ?»

የመጀመሪያው ጠዋት ሳሩ ላይ አመዳይ ነበር። እግሯን ስታስገባ ቁርጭምጭሚቷን በፒንሳ የያዟት መሰላት። እስከ ወገቧ ስትወርድ ሆዷ ወደ ውስጥ ሸሸ፤ ደረቷ ሲነካ ትንፋሽዋ ተቆራረጠ፣ አየር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አልሄድ አለ። ጸጋአብ ይህን ነግሯታል፦ አትታገዪው፣ ትንፋሽሽን አውጪው፣ ረጅም አድርጊው። እሷ የራሷን መላ አገኘች። አባታችን ሆይን ጮክ ብላ ጀመረች። በመጀመሪያ «አባ… ታ… ችን… ሆ» እያለ እየተሰበረ ወጣ። ጸሎቱን ሳይቆራረጥ እስከ አሜን ማድረስ ስትችል ትንፋሽዋ ረጋ ማለት ነው። በዚያን ጠዋት አሜን ላይ ሳትደርስ ዘላ ወጣች፤ ከወጣች በኋላ ደግሞ ይብስ ተንቀጠቀጠች፤ ጥርሷ ሲፋጭ ፍትዊ ከመስኮቱ ውስጥ ሆኖ ሰማው። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ቀን ላይ እትዬ ዘርፌ መጡ። የአጥር ጎረቤት ናቸው፣ በሁለቱ ግቢ መካከል ያለችው ትንሽ በር ተዘግታ አታውቅም፤ ሰፈሩ ውስጥ የታመመ የሚጠይቁ፣ ያልታመመውንም የሚያሳምሙ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ሰማሁ» አሉ ሳይቀመጡ።

«ምን ሰሙ እትዬ ዘርፌ?»

«በውርጭ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ጸሎት ትደግሚያለሽ አሉ።»

«ልምምድ ነው። ሐይቅ ላቋርጥ ነው።»

«ጀልባ ጠፋ?»

«በዋና ነው የማቋርጠው።»

እትዬ ዘርፌ አጎንብሰው ዓይኗን አዩት፤ እዚያ ውስጥ የሆነ ሰው የሚፈልጉ ይመስላሉ። «የኔ ልጅ፣ ይህ ያንቺ ሥራ አይደለም። የያዘሽ ነገር አለ። ጸበል ልውሰድሽ። ሳምንት ጠዋት ጠዋት ብትጠመቂ ይለቅሻል።»

«ጸበሉ ሙቅ ነው?»

«ምን?»

«ማለዳ በአሥራ አንድ ሰዓት የሚያፈሱብኝ ውሃ ሙቅ ነው ወይስ ቀዝቃዛ?»

«እሱ ሌላ ነው። እሱ ያድናል።»

«ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳልገባ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሊከቱኝ ነው ማለት ነው።»

«አፍሽን ያዢ» አሉ እትዬ ዘርፌ። ተቀየሙ፤ ግን አልሄዱም፤ ስለ ፍትዊ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ሱቁ ጠየቁ፣ ሲወጡ ፍትዊን በሩ ላይ አገኙትና ቆመው ብዙ ተንሾካሾኩ።

እንግዲህ ንዴት የሚያስመጣው ይህ ነው። ሐይቅ የሞላበት አገር ነው፤ ልጁን ዋና የሚያስተምር ወላጅ ግን በጣት ይቆጠራል። «ውሃ አጠገብ እንዳትደርስ» ብለን እናሳድጋለን፤ ክረምት ሲገባ በየግንባታው ሥር የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ይሞላና የሰው ልጅ ይበላል፤ እናለቅሳለን፤ ጉድጓዱን ግን ማንም አይደፍነውም። አንዲት ሴት ውሃን ልልመደው፣ ልወቀው ብላ ስትነሳ ደግሞ አብዳለች ትባላለች። ውሃ የሚገድለው የማያውቀውን ሰው ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ትርሓስ ግን ቀጠለች። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ተአምር ሆነ። አሜን ላይ ደረሰች። በሌላው ቀን ጸሎቱን ደገመችው፣ ቀጥሎም ሠለሰችው። ትንፋሽዋ ረጋ፣ ሆዷ መሸሽ ተወ። ውሃው ውስጥ ተኝታ ሰማዩ ሲነጋ ማየት ጀመረች፤ አንዳንዴም ታንጎራጉራለች። ኮራች። ታክሲ ውስጥ ጃኬቷን አውልቃ በአጭር እጅጌ ተቀመጠች። ፍትዊም ቢሆን ለውጥ አሳየ፤ ከእሷ ቀድሞ እየተነሳ ፎጣዋን ያዘጋጃል፣ ቁርስ ይሠራል። እንግዲህ ልቡ ራርቷል፣ ገብቶታል አለች።

«አየህ?» አለችው አንድ ጠዋት ከባኞው ሆና። «ሰውነት ይለምዳል ብዬህ አልነበር?»

«አየሁ» አለ ፍትዊ፣ ወደ አጥሩ እያየ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጸጋአብ ለፈተናው ወንጪ ወሰዳቸው። ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ገና አልተነሳም ነበር። ትርሓስ ከሁሉም ቀድማ ልብሷን አውልቃ፣ ቆቧንና መነጽሯን አድርጋ፣ እንደ ባለቤት ገባች። ውሃው ጡቷ ጋ ሲደርስ ዓለም ተዘጋባት። ትንፋሽ ልትወስድ አፏን ከፈተች፤ የገባላት ውሃ ነው። አባታችን ሆይን ፈለገችው፣ የመጀመሪያውን ቃል እንኳ አጣችው። እጆቿ የሷ መሆን ተዉ። ጸጋአብ ክንዷን ይዞ ጎትቶ ሲያወጣት ከዳሩ ገና ምንም ያህል አልራቀችም ነበር።

በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ መኪና ውስጥ ስትቀመጥ ጸጋአብ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ባኞዎ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ው… ውሃ።»

«ምን ዓይነት ውሃ? በየቀኑ ቀዝቃዛ ውሃ የገባ ሰው እንዲህ አይሆንም። እርስዎ ዛሬ የሆኑት የመጀመሪያ ቀን እንደገባ ሰው ነው።»

 እስከ ጎሮ ድረስ ከሰውነቷ ጋር ተጣልታ ተመለሰች። አርባ ስድስት ዓመት የተሸከመችው አካል ከዳተኛ መሰላት። ይህን መከራ ያሸከማት ማን እንደሆነ ግን ገና አላወቀችም።

በማግስቱ ከንዴቷ የተነሳ ከወትሮው ቀደም ብላ ተነሳች። የጓሮውን በር ስትከፍት ሁለት ሰዎች ባኞው ላይ አጎንብሰዋል። እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን ተከናንበው ባትሪ ያበራሉ፤ ፍትዊ በሹራቡ ላይ ጃኬት ደርቦ ትልቅ ባልዲ እየገለበጠ ነው። ከባልዲው የሚወጣው እንፋሎት በባትሪው ብርሃን ላይ ይጥመለመላል። ትንሿ በር ክፍት ናት፤ በዚያ በኩል የእትዬ ዘርፌ ጋዝ ምድጃ ላይ ሌላ ብረት ድስት ይንተከተካል። ፍትዊ ባልዲውን አስቀምጦ ውሃውን በመጥረጊያ እንጨት አማሰለው፤ እንደ ገንፎ።



«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ትርሓስ።

«የሚያቃጥል አይደለም እኮ» አሉ እትዬ ዘርፌ፤ «ለብ ብቻ ነው ያደረግነው።»

«እርስዎን አልጠየቅኩም።»

«ከሁለተኛው ቀን» አለ ፍትዊ። «መጀመሪያ አንድ ባልዲ ነበር። ከዚያ… ስታንጎራጉሪ ሰማሁሽና ደስ አለኝ። ጨመርኩ።»

«እኔ እኮ ተአምር የሆነ መስሎኝ ስለት ልሳል ነበር። ለሰው ሁሉ ነገርኩ። ጃኬቴን አውልቄ ታክሲ ተሳፈርኩ። አንተ ቁጭ ብለህ ስታየኝ ነበር።»

«አባቴ—»

«አባትህን እዚህ ባኞ ውስጥ አላስገባሁም። እኔ ነኝ የገባሁት። ብርዱ የኔ ነበር። ብርዴን ነው የሰረቅኸኝ።»

እትዬ ዘርፌ ባትሪውን አጠፉ። «ልጄ፣ ስለምንወድሽ ነው» አሉ በጨለማው ውስጥ።

ስለምንወድሽ። በዚህች ቃል ያልተሸፈነ በደል የት አለ? ልጅን በኮት ላይ ኮት ደራርበን ላብ ውስጥ ስንነክረው ስለምንወደው ነው። የታመመን ሰው ሕመሙን ከራሱ ደብቀን የመታከሚያ ቀኑን የምናሳልፍበት ስለምንወደው ነው። ሰው ራሱ ሊሸከመው የመረጠውን ሸክም ማታ ማታ አቅልለን፣ ጠዋት ጠዋት «በርታ» እንለዋለን። ፍትዊ አልጠላትም፣ አልሰደባትም፣ አልከለከላትም። ቢከለክላት ኖሮ ተጣልተው ታሸንፈው ነበር። ባልዲ ይዞ የመጣ ወዳጅ ግን እንዴት ይሸነፋል?

በዚያው ቀን ትንሿን በር በሚስማር መታቻት። ከሱቋ አጠገብ ካለ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ቴርሞሜትር ገዛች። ጸጋአብ የሆነውን ሲሰማ መሳቅም መናደድም አቃተው።

«ዘንድሮ ይለፍዎ» አላት። «የቀረን ጊዜ አይበቃም። በሚመጣው ዓመት—»

«በሚመጣው ዓመት አትበለኝ። ፌሮው ላይም እንዲሁ ነው የተባለው።»

«የምን ፌሮ?»

«ተወው። ድጋሚ ፈትነኝ፤ ካልቻልኩ እቀራለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ልምምድ እውነተኛ ነበር። መጥፎ ነበር። ለሰው የሚነገር ጀግንነት የለበትም፤ አፍንጫ የሚያፈስ፣ ጣት የሚያሳብጥ፣ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ሲያንቀጠቅጥ የሚውል ነገር ነው። ፍትዊን ባኞው አጠገብ እንዲቆም ፈረደችበት። እጁን በየጠዋቱ ውሃው ውስጥ እስከ ክርኑ ያስገባል፣ ቴርሞሜትሩን ያነባል። አሜን ላይ ለመድረስ ብዙ ጠዋት ፈጀባት። በገና ሰሞን ጸጋአብ ደግሞ ወሰዳት፤ ገባች፣ ትንፋሽዋን ያዘች፣ ለፈተናው የሚበቃ ጊዜ ቆየች። ጸጋአብ ራሱን ነቀነቀ። «ጫፍ ላይ ነዎት» አለ። «ላስገባዎት እችላለሁ። ግን ጀልባው ላይ የሚቀመጠው ሰው ቆራጥ ይሁን።»

«ቆራጥ ሰው የለኝም» አለች። «ፍትዊ ነው ያለኝ።»

የማቋረጫው ቀን ጥር መገባደጃ ላይ ነበር። መንገዱ ከዚህ ዳር ተነስቶ ደሴቲቱን ዞሮ ማዶ ያለው ሣር ላይ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ዋናተኛ አንድ የመንደሩ ቀዛፊ ከነጀልባው ተመደበ። ፍትዊ ሹራብ፣ ጃኬት፣ በዚያ ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ደግሞ የሕይወት አድን ጃኬት አጥልቆ ሲቀመጥ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አዘነበለች።

«ጌታው፣ እርስዎ ከወደቁ በምን እናነሳዎታለን?» አለ ቀዛፊው።

ትርሓስ ገባች። ትንፋሽዋ ተቆረጠ፣ ተመለሰ። እጇን ዘረጋች። ክንዷ ውሃውን ሲይዝ፣ ሲስብ፣ ሲለቅ፣ ዳሩ ከኋላዋ ሸሸ። ፍትዊ በየመሃሉ ጥያቄ እንዲጠይቃት ታዟል።

«እንዴት ነሽ?»

«እንዴት ነሽ አትበለኝ» አለች ፊቷን ከውሃ አውጥታ።

«ጠይቅ ተብያለሁ።»

«ሌላ ነገር ጠይቅ።»

አሰበ። «የሱቁን ቁልፍ የት አደረግሽው?»

«ኪስህ ውስጥ ነው፣ ደንቆሮ።»

ፍትዊ ኪሱን ዳበሰ፤ ነበር። ተረጋግቶ ጋቢውን ሰበሰበ። ቀዛፊው ገርሞት ሁለቱንም አያቸው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጋዝ አጥፍተን ወጥተናል ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ባልና ሚስት አንድ ራስ ብቻ ነው የተሰጣቸው ወይ ብላ መለሰችለት። ትዳራቸው ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ያለ እንዲህ ዓይነት ንግግር የዋለበትን ቀን ፍትዊ አያስታውስም።

ደሴቲቱን ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ነፋስ ተነሳ፤ ውሃው መቆጣት ጀመረ። ማዶው ዳር ቀረበ፤ ሣሩ፣ ቆመው የሚጠብቁት ሰዎች፣ አንድ ጥድ፣ ሁሉም ይታያል። ትርሓስ ትዋኛለች። ክንዷ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከሩቅ ለሚያያት ምንም አልሆነችም።

«ትርሓስ» አለ ፍትዊ፤ የሚጠይቀው ነገር አልቆበት ነበር። «እናቴ ከመቐለ ልትመጣ ነው። ዐቢይ ጾምን እኛ ጋ ትሰንብት?»

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ቤታቸውን የሚያምስ ጥያቄ ነው።

«እሺ» አለች።

ፍትዊ ያልሰማ መሰለው። «ሙሉ ጾሙን?»

«እሺ… ጥሩ ነው… ትምጣ።» ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ለስላሳ፣ የማንም ያልሆነ ፈገግታ።

«ትርሓስ፣ ያ ሙቅ ውሃ… አሁንም ተቀይመሽኛል?»

«ምንም… አይደል። አንተ… ጥሩ ሰው ነህ።»

ፍትዊ ከተቀመጠበት ተነሳ። ጀልባዋ ተናወጠች። «በጃኺ» ብሎ ለመናት፤ ሲደነግጥ ወደ ትግርኛ ነው የሚገባው። «ይቺ እሷ አይደለችም። አውጧት።»

«ጌታው፣ ደርሳለች እኮ» አለ ቀዛፊው። «ያው ዳሩ። እጇም ይሠራል።»

«አውጧት ብያለሁ።» እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ አቆመው።

ጸጋአብ ከሌላው ጀልባ አይቶ መጣ። እሱና ፍትዊ ብብቷ ሥር እጃቸውን አስገብተው ጎተቷት። አልታገለቻቸውም፤ ትርሓስ ሳትታገል የወጣችበት ነገር በሕይወቷ ያ ብቻ ነው። ከንፈሯ አመድ መስሏል፣ ዓይኗ የሆነ ሩቅ ነገር ያያል። ጸጋአብ ስሟን ጠየቃት፤ መልሱ ዘገየ። «ልክ ነዎት» አለው ፍትዊን። «ጥቂት ብትቆይ ትሰጥም ነበር። እኔ አላየሁትም። በምን አወቁ?»

«ተስማማችልኝ» አለ ፍትዊ።

ንፉግ መሆን ደግ አይደለም፤ ይህን ሰው እዚህ ላይ ማመስገን ግን ያስቸግራል። ዛሬ ያዳናት ይኸው ሰው ቀኖቿን በባልዲ ባያባክን ኖሮ ምናልባት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ያም እውነት ነው፣ ይሄም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

እርጥቡን ልብስ አወለቁላት፣ ጋቢውን፣ ጃኬቱን፣ ሹራቡን ሁሉ ደረቡባት። ፍትዊ በሸሚዝ ብቻ ቀረ፤ ነፋሱ ደረቱን ሲመታው አላስተዋለም። መጀመሪያ ያንን ፈገግታ ፈገግ እንዳለች ቆየች። ከዚያ መንቀጥቀጡ መጣ፣ ጀልባዋ ጭምር እስክትርገበገብ። ጸጋአብ «ይህ ጥሩ ነው፣ ይምጣ» አለ። ቀስ በቀስ ዓይኗ ከሩቅ ተመለሰና ዳሩን አየ፤ ቀጥሎ ጀልባውን፤ ቀጥሎ ፍትዊን።

«ስ… ስንት ቀረኝ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ጸጋአብም እንዲዋሽ በዓይኑ ጠቀሰው። ፍትዊ ግን ማዶውን አየና «ትንሽ» አላት። «ሰዎቹ ፊታቸው ይለያል። በጣም ትንሽ ነበር።»

 የሐይቁ ውሃ ጀልባውን መታ መታ ያደርገዋል። አገጯ ይንቀጠቀጣል፣ በሚንቀጠቀጠው አገጭ ውስጥ የሆነ ቃል መውጫ ይፈልጋል።

«አን… ተ» አለች።

«እኔ» አለ ፍትዊ።

«አንተ… ሙቅ…» አልመጣላትም። ትንፋሽ ሰበሰበች። «ያን ሁሉ ቀን እንደ ሽምብራ ዘፍዝፈኸኝ… ዛሬ ደግሞ… ሣሩ ሊነካኝ ሲል… በብብቴ ጎትተህ…»

«አዎ።»

«አዎ አትበለኝ።» ድምፅዋ ጠራ። አሁን ቃላቱ ተያይዘው መምጣት ጀመሩ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ። «አንድ ነገር እንኳ ጀምሬ ልጨርስ ስል አላስጨረስከኝም። ዕድሜ ልኬን ሰው ጥሩ ነገር ላድርግላት ብሎ ያልቀማኝ ነገር የለም። ለሚመጣው ዓመት ጀልባው ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ፤ ግን አንድ ባልዲ ቤቴ ውስጥ ባይ፣ ልብስ ማጠቢያም ቢሆን፣ ራስህ ላይ ነው የምደፋልህ። እናትህም ጾሙን እኛ ጋ አትሰነብትም።»

ፍትዊ ጋቢውን ወደ አንገቷ ሊያጠብቅላት እጁን ሰደደ። መትታ መለሰችው። አመመው፤ ጠንካራ ምት ነበር፣ የራሷ የትርሓስ ምት።